የቡሽ ዋጋ

እናቴ ሰው ቤት ባዶ እጇን ገብታ አታውቅም ነበር። ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንጀራና ወጧን አሸክማ፣ አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ቅቤዋን አንጠልጥላ፣ ሌላው ቢቀር ጎረቤት ለቡና ስትጠራ እንኳ አንድ እፍኝ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትሄደው። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ያሳፍረኝ ነበር። "እነሱ የላቸውም እንዴ?" ብዬ ስጠይቃት፣ "አላቸው። የምወስደው እነሱ ስላጡ አይደለም፤ እኔ እጅ ስላለኝ ነው" ትለኝ ነበር።

ይህን የማነሣው የእናቴን ደግነት ለመተረክ አይደለም። እንዲህ ያለች እናት ያላሳደገችው አንባቢ መቼም ጥቂት ነው። የማነሣው አንድ ጠርሙስ ጠጅ ይዘን የአንድ ትልቅ መርከብ በር ላይ ስለ ቆምንበት ቀን፣ በዚያም ቀን ስለ ዋሸኋት ውሸት ለመናገር ነው። ነገሩ ሲጀመር ቀልድ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ቀልድ ሆኖ ለማለቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ ነው፤ በፈረንጆቹ 2019 መሆኑ ነው። እናቴ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሰባ ዓመት ሊሞላት ሲል እህቴ "እማዬን ክሩዝ እንውሰዳት" የሚል ሐሳብ አመጣች። ክሩዝ ማለት፣ ለማያውቀው አንባቢ፣ መኝታው፣ ምግብ ቤቱ፣ መዋኛውና ጭፈራው ሁሉ እንደ ትልቅ ሆቴል በተሟላ መርከብ ለመዝናናት የሚደረግ ጉዞ ነው። የእኛው መርከብ ከባልቲሞር ወደብ ተነሥቶ፣ ቤርሙዳ ደሴት ደርሶ፣ አምስት ሌሊት አድሮ ይመለሳል። እናቴ፣ እህቴ፣ ባለቤቴና እኔ በሁለት ክፍል ልንሳፈር ቲኬት ተቆረጠ።

እናቴ ዜናውን ስትሰማ የጠየቀችው ስለ ማዕበሉም ስለ ዋጋውም አልነበረም።

"መርከቡ የማነው?" አለች።

"የኩባንያ ነው እማዬ።"

"ኩባንያ ሰው የለውም? የቤቱ አባወራ ማነው?"

"ካፒቴን አለው።"

"እንግዲያው ካፒቴኑ ቤት ነው የምንሄደው" አለችና ነገሩን ቆረጠችው። በማግሥቱ ጠጅ ልትጥል ማር አስገዛችኝ።

ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ ራሷ መርጣ ገዛች። አንድ ማር ለሦስት ውሃ ለክታ በጠበጠች፤ ብርዙ ከሰነበተ በኋላ የጌሾውን እንጨት አገባችበት። አገር ቤት ቢሆን ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ነበር። እዚህ ግን ጋን የለም፤ ወይራውም ይጨስ ቢባል የእሳት አደጋው ደወል ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሰፊ የመስታወት ማሰሮ ገዛንላትና ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታችን የዓመት በዓል ዋዜማ ሸተተ። ልብሳችንም እንዲሁ።

በዚያው ሰሞን እኔ የመርከቡን ደንብ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሥራዬ ሒሳብ አያያዝ ነውና ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ ልማዴ ነው።

ደንቡ አጭር ነበር። ተሳፋሪ ከአልኮል መጠጥ ወገን ይዞ ሊገባ የሚችለው ወይን ወይም ሻምፓኝ ብቻ ነው። ቢራ፣ ውስኪና አረቄ ክልክል ነው። ወይኑም ቢሆን ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ ሰው አንድ ጠርሙስ ነው፤ የጠርሙሱም ልክ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ ያውም በመሳፈሪያው ዕለት ብቻ። ጠርሙሱ በእጅ ሻንጣ ይያዛል እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። እሽጉም ያልተነካ መሆን አለበት። ክፍልህ ውስጥ ብትጠጣው ማንም አይጠይቅህም፤ ወደ ምግብ አዳራሹ ይዘኸው ከገባህ ግን በጠርሙስ 15 ዶላር የቡሽ ዋጋ ትከፍላለህ።

ሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት ደንብ የለውም። አንዳንዱ "የፈለግኸውን ያህል ወይን አስገባ" ይልህና ገና በሩ ላይ የእያንዳንዱን ጠርሙስ የቡሽ ዋጋ ይቀበልሃል፤ ክፍልህ ውስጥ ጠጣኸውም አዳራሽ ወሰድኸው፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ደንቡም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጣልና ከመሳፈር በፊት አንብቦ መረዳት የተሳፋሪው ፋንታ ነው።

የቡሽ ዋጋ ያልኩት ፈረንጆቹ ኮርኬጅ የሚሉትን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በትልቅ ሆቴል ሠርግ የደገሰ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ ውስኪውን ከውጭ ገዝቶ አዳራሽ ሲያስገባ ሆቴሉ በየጠርሙሱ ያስከፍለዋል። ስሙ የቡሽ ይሁን እንጂ የሚከፈለው ቡሽ ለመንቀል አይደለም። ለብርጭቆው፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለአሳላፊው ድካም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱ ራሱ ሸጦ ሊያተርፍበት ይችል ለነበረው ጠርሙስ ካሳ ነው። መርከብ ላይ ደግሞ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ቲኬቱ ረከስ ያለ የሚመስለው አንዱ የትርፍ ምንጭ መጠጡ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ባሕር መሐል ሰክሮ ለሚወድቅ ወይም ለሚጣላ ሰው የሚጨነቀው መርከቡ ነውና የመጠጡን ቁልፍ በእጁ መያዝ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ የሚገባ ነገር ነው። አልተቃወምኩትም።

ነገር ግን የእናቴ ጠጅ በየትኛውም መስመር እንደማያልፍ ወዲያው ገባኝ። ፋብሪካ አላሸገውም፤ መለያ የለውም፤ እንዲያውም ገና በመፍላት ላይ ያለ ነገር ነው። ደንቡ የተጻፈው መጠጥ በርካሽ ገዝቶ ይዞ በመግባት ገንዘቡን ለማትረፍ ለሚያስብ ሰው ነው። ለባለቤቱ ሊሰጥ ይዞ ለሚመጣ ሰው አንድም መስመር አልነበረውም።

በዚያች ሰዓት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ "እማዬ፣ አይፈቀድም" ብላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ጠጁን እኛ እንጠጣዋለን፤ እሷም ሌላ ይዛ የምትሄደው ነገር ታስባለች። አልነገርኳትም። አሜሪካ ከገባች ጀምሮ "አይፈቀድም" የምትለዋን ቃል ከእኔ አፍ አብዝታ ሰምታለች። በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠል አይፈቀድም፤ የማያውቁትን ሕፃን አንሥቶ መሳም አይፈቀድም፤ ሳይደውሉ ሰው ቤት መሄድ አይፈቀድም። አንድ ጊዜ እንኳ ያሰበችው ይሁንላት ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይኸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ፊቷ ሲጠቁር ማየት ፈርቼ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ መላ አለኝ አለ። አንዳንድ ተሳፋሪዎች መጠጡን በአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ይሞሉና ተመሳሳይ ቀለም ጠብ አድርገው ያሳልፉታል፤ ሌሎች በሻምፑ ዕቃ ይገለብጡታል። "ይህማ ሌብነት ነው" ብዬ ናቅሁት። ከናቅሁት በኋላ ያደረግሁት ግን ከዚያ የተሻለ አልነበረም። እናቴ ጠጁን አጥልላ ንጹሕ ጠርሙስ ስትጠይቀኝ፣ መለያው ያልተላጠ፣ በጥምዝ ክዳን የሚዘጋ የነጭ ወይን ጠርሙስ አጥቤ ሰጠኋት። ነጭ ወይንና ጠጅ በጠርሙስ ውስጥ ሲያዩአቸው ወንድማማች ናቸው። አራት አዋቂዎች ነን፤ አራት ጠርሙስ ይፈቀድልናል፤ ሁለት ወይን ገዝተናል፤ ይህ ሦስተኛ ሆኖ ያልፋል ብዬ አሰላሁ። ሒሳቡ ልክ ነበር።

የባልቲሞር መርከብ መሳፈሪያ ያለው ሎከስት ፖይንት በሚባል ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ በእንፋሎት መርከብ የመጡ የአውሮፓ ስደተኞች አሜሪካን የረገጡት በዚሁ ሰፈር ወደብ ነበር። ከእነሱም ውስጥ ከእናቱ ቤት ያመጣውን ጠርሙስ በጉያው የያዘ አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እኛ ደግሞ ጓዛችንን ይዘን በተቃራኒው ልንወጣ ተሰልፈናል። እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጠርሙሱ ያለበትን ቦርሳ በሁለት እጇ ይዛለች። ሰው ቤት ስትሄድ የምትለብሰው እንዲህ ነው።

ሻንጣው በጨረር የሚታይበት ጠረጴዛ ደረስን። ሁለቱ የገዛናቸው ወይኖች አለፉ። ሦስተኛውን ግን ጠና ያለው ጥቁር አሜሪካዊ ጠባቂ አነሣና ወደ መብራት አስጠጋው። ክዳኑን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ትስስስ ብሎ ተነፈሰ። ጠጁ ራሱ መሰከረብን።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ወይን ነው።"

አሸተተው። ፈገግ አለ። "ይህ ማር ነው። ቤት ነው የተሠራው?"

እኔ ዝም አልኩ። እናቴ ግን ከእንግሊዝኛው ውስጥ የምታውቃትን አንዲት ቃል ለቅማ ወደፊት ጠጋ አለች። "የስ፣ ሃኒ!" አለችው። ከዚያም ሁለት እጇን እንደሚሰጥ ሰው ዘርግታ "ፎር ካፒቴን" አለች።

ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ አያት። ከኋላችን ረጅም ሰልፍ አለ። ወደ እኔ ዘወር ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሽጉ የተከፈተ ስለሆነ ሊያሳልፈው እንደማይችል፣ ከፈለግን ወደ መኪናችን እንድንመልሰው፣ ካልሆነም እዚያው እንድንተወው፣ ከተውነውም እንደሚደፋ ነገረኝ። አልተቆጣም። በነሐሴ ሙቀት አምስት ቀን መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ጠጅ ቦምብ ነው። ተዉት አልኩ።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"ለካፒቴኑ እናደርስለታለን ነው የሚለው" አልኳት።

"እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ" አለችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ጠባቂው ምን ብዬ እንዳስተረጎምኩ አያውቅም፤ እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ መለሰላት። ጠርሙሱን አንድ የልብስ ካውያና አንድ ሮም ከተቀመጡበት መደርደሪያ ላይ፣ ከቆሻሻው ቅርጫት አጠገብ ሲያቆመው እኔ ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ ዞር ትበል አትበል አላስተዋልኩም።

መርከቡ ተነሥቶ ከፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ሥር ሲያልፍ ሁላችንም ላይኛው ሰገነት ላይ ወጥተን አንጋጠን እናይ ነበር። የመርከቡ ጫፍ ድልድዩን የሚገጭ ይመስላል። እናቴ አማተበች። ያ ድልድይ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 ዕቃ ጫኝ መርከብ ገጭቶት ሲፈርስ ስድስት ሠራተኞች ሞተዋል። ዜናውን የሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ የሚያማትቡት ጣቶቿ ናቸው።

በመጀመሪያው ምሽት ከሁለቱ ወይኖች አንዱን ይዘን ወደ ምግብ አዳራሹ ገባን። አሳላፊው ከሕንድ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። 15 ዶላሩን በክፍላችን ሒሳብ ላይ መዘገበ፤ ብርጭቆ ደረደረ፤ ቡሹን ነቀለና ለእኔ አንድ ጉንጭ ያህል ቀድቶ ቆሞ ጠበቀ።

"ምን ይጠብቃል?" አለች እናቴ።

"ቀምሼ ደኅና ነው እንድለው ነው።"

"እንግዳው ነው የሚቀምሰው?" ገረማት። እንደምናውቀው በእኛ ወግ አሳላፊው ከጠጁ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚያቀርበው፤ መርዝ እንደሌለበት በራሱ ሕይወት ይመሰክራል። "ታዲያ 15 ዶላሩን የከፈልከው ላልቀመሰው ሰው ነው?" አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በኋላ "አንድ ጉንጭ ቅመስ በለው" አለችኝና ነገርኩት። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ፤ ሥራ ላይ መጠጣት አይፈቀድለትም። ይህንን ስተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች። "የኛው ካልቀመሰ አይታመንም፤ ይኸኛው ከቀመሰ ይባረራል" አለች።

ከእኛ ጋር አንድ ጠረጴዛ የተመደቡት ከፔንስልቬንያ የመጡ አረጋዊ ባልና ሚስት ነበሩ። እነሱም የራሳቸውን ወይን ይዘዋል። ሰውዬው ብዙ ጊዜ በመርከብ የተጓዘ ነውና ደንቡ ላይ ያልተጻፈውን ወግ ነገረኝ። መርከቡ ራሱ የሚሸጠውን ወይን ይዘህ አትምጣ፤ ባለቤቱን መናቅ ይሆናል። የቡሹ ዋጋ ከወይኑ ዋጋ የሚበልጥበትን ርካሽ ጠርሙስም አታምጣ፤ ራስህን መናቅ ይሆናል። የምታመጣው ምክንያት ያለው ጠርሙስ ይሁን፤ ለእነሱ የጋብቻቸው በዓል ነው። አሳላፊው እንደማይጠጣ ብታውቅም ጋብዘው። ጉርሻውንም ጠርሙሱን ከእሱ የገዛኸው ያህል ቁጠርለት። አብሮህ ለተቀመጠው ደግሞ ሳይጠይቅህ ቅዳለት። ይህን ብሎ ለእናቴ ከራሱ ወይን ቀዳላት። ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎምኩላት።

"ይኸ ሰው ወግ ያውቃል" አለች። ብርጭቆዋን ተቀብላ መረቀቻቸው። ከእኛም ለእነሱ ተቀዳ። የተረፈውን ወይን አሳላፊው የክፍላችንን ቁጥር ጽፎበት ለነገ ሲያስቀምጥ አይታ "አደራም ያውቃሉ" አለች። በዚያ ምሽት ደስ ብሏት ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ደንቡን ከነምክንያቱ ስነግራት እንዲህ አድርጋ የምትረዳ ሴት ናት። አልገባኝም ያለችው አንድም ነገር አልነበረም።

ቤርሙዳ መርከቡ የሚቆመው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከ1809 ጀምሮ በገነባው አሮጌ የጦር መርከብ ሰፈር ነው። ዛሬ ሙዚየምና ሱቅ ሆኗል። እዚያ በድንጋዩ ግንብ ጥላ ስንሄድ ለእናቴ ስለ መርከበኞቹ ሮም ነገርኳት። የእንግሊዝ መርከበኛ በየቀኑ የተለካ ሮም ከመንግሥት ይሰጠው ነበር። በ1740 አድሚራል ኤድዋርድ ቬርኖን ስካሩ ቢበዛበት ሮሙ በውሃ ተበጥብጦ እንዲታደል አዘዘ። "ቅራሪ አደረገባቸው በለኛ!" አለች። ዕደላው እስከ ጁላይ 31 ቀን 1970 ድረስ ቀጥሎ በዚያች ቀን ቀረ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን ገና በ1914 ነው መጠጥን ከመርከቦቹ ያስወጣው። ለካ በባሕር ላይ የመጠጥ ልክ ምንጊዜም በመርከቡ አዛዥ እጅ ነው። ኩባንያዎቹ አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ ድሮ ያድሉ የነበረውን ዛሬ ይሸጡታል እንጂ።

ያ ከፔንስልቬንያ የመጣው ሰው ከደሴቲቱ አንድ ጠርሙስ ሮም ገዝቶ ሲመለስ በበሩ ላይ ተቀብለው ደረሰኝ ሰጡት። በመጨረሻው ምሽት ላይ ጠርሙሱ ተመለሰለት፤ የብዙ ሰውም እንዲሁ። ኮሪደሩ ላይ ጠርሙሳቸውን ታቅፈው ወደ ክፍላቸው የሚሄዱትን ሰዎች እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

"ለሁሉም መለሱላቸው" አለች።

"አዎ፣ የገዙት ስለሆነ ነው።"

"የኔስ?"

"ያንቺን ካፒቴኑ ወሰደው አልኩሽ አይደል?"

"እውነትህን ነው፤ ብለኸኛል" አለችና ገባች። ይህ ሁለተኛው ውሸት ነው። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ይከብደኛል፤ የመጀመሪያውን ሰልፉ አስቸኩሎኝ ነው ልል እችላለሁ፤ ለዚህኛው ግን ሰልፍ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። አንድ ጊዜ በፋሲካ፣ ጠጅ ስትቀዳልን፦ "ያ ካፒቴን ግን ጣፍጦት ይሆን?" አለች። "ሳይጣፍጠው አይቀርም" አልኩ። ሌላ ጊዜ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ መስኮቱን እያየች፦ "ካፒቴኑ ምን አለ ብለውህ ነበር?" አለችኝ። "አመሰግናለሁ ብሏል" አልኳት። እጄን ያዝ አድርጋ ዝም አለች። በ2014 ዓ.ም. አረፈች።

አርባዋ በወጣ ማግሥት የማኅበር ጓደኛዋ የሆኑ አንዲት እናት ቡና ሊያጠጡን መጡ። ስለ እሷ ሲያወሩ ሲያወሩ ድንገት ሳቁ። "ያ የመርከቡ ጠጇ ነገር!" አሉ። ምን ብላቸው እንደነበር ጠየቅኋቸው።

"ጠጄን ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ሲያቆሙት በዓይኔ አይቼው፣ ልጄ ካፒቴኑ ወሰደው አለኝ። አፍሮልኝ ነው። እኔም እውነቱን እስኪነግረኝ ብዬ ካፒቴኑ ጣፈጠው ወይ እያልኩ እጠይቀዋለሁ፤ አንጀቱ አይችልም መሰለኝ ካፒቴኑን ያስመሰግነዋል። ጠጄንስ ባሕር ጠጣው፣ እያለች ታስቀን ነበር እኮ" አሉኝ።

እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። ሁለቴ በሩን ከፍታልኝ ነበር፤ ሁለቴም አልገባሁበትም። እሷ እንዳታፍር ብዬ ዋሸኋት፤ እሷ እኔ እንዳላፍር ብላ ያመነች መሰለች። እንዲህ ተከባብረን፣ አንዲት ቀላል እውነት እንኳ ሳንነጋገር ተለያየን። ብዙዎቻችን በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንን በሰው አገር ይዘን ስንኖር የአገሩን ደንብ ከእነሱ መደበቅ ርኅራኄ ይመስለናል። ደንቡን ቀድመን ብንነግራቸው ግን የሚያደርጉትን ራሳቸው ያውቃሉ። ሰባ ዓመት ሰው ቤት ሲገቡና ሲወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የየቤቱን ወግ ማክበር ከእኛ የተማሩት ነገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት የአንድ ወዳጄ እናት ልጆቻቸው ክሩዝ ሊወስዷቸው መሆኑን ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ኪሎ ቡና ይዣለሁ። ልጆቻቸው ባሉበት ለእሳቸው ደንቡን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፦ የሚፈቀደው ወይን ብቻ መሆኑን፣ እሽጉ አለመከፈቱን፣ በእጅ ሻንጣ መያዙን፣ የቡሹን ዋጋ፣ ለአሳላፊው መጋበዙን፣ አብሮ ለተቀመጠው ሰው መቅዳቱን፣ ቤት የተጣለ ጠጅ ግን እንደማያልፍና እንደሚደፋ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ይኸው ነው?" አሉ። "ታዲያ ይኸ ምን ይከብዳል?"

ከሱቅ መለያው ላይ የማር ወይን ተብሎ የተጻፈበት፣ ፋብሪካ ያሸገው ጠጅ ገዝተው ሄዱ። ሲመለሱ ስልክ ደወሉልኝ። ጠርሙሱ ያለ ምንም ጥያቄ አልፏል። በመጀመሪያው ምሽት የቡሹን ዋጋ "እኔ ነኝ ያመጣሁት" ብለው ከቦርሳቸው ከፍለዋል። ከአንዲት ኮሎምቢያዊትና ከልጇ ጋር ነበር የተቀመጡት፤ ለሁለቱም ቀድተውላቸዋል። አሳላፊውንም ጋብዘውት እንደ ልማዱ አመስግኖ እምቢ ብሏል።

"ጠጁስ እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

"ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ስኳር ነው" አሉኝ። "የእናትህ ቢሆን ነበር እንጂ።"